ሦስተኛው ምስክር

የዘመኑ ልጆች ካርቦን ወረቀት የሚባለውን፣ ከታይፕ ሥር ገብቶ ግልባጭ የሚያወጣውን ነገር አያውቁትም። ሰማያዊ ነው፣ ጣት ያቆሽሻል፣ ሽታው ላምባም ሰምም ይመስላል። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ ሞጣ እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ከላስቲክ ውስጥ አንድ የነተበ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው ያ ሽታ መጣብኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይሸታል ብዬ አላምንም፤ ግን ሸተተኝ። ልጅቱ ሰላም ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች። ፍርድ ቤቶች ሕግን እንዴት እንደሚተረጉሙ መጽሐፍ የሚያህል ጥናት እየጻፈች ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቃ፣ ስንት ቦታ ወርዳ ተፈትሻ የመጣችው ለእኔ ብላ መሆኑን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ጡረታ የወጣ ዳኛ ማለት ባጃጅ ሲሳፈር የሚገፋ ሽማግሌ ማለት ነው። ሰው አስታውሶ ሲመጣለት ለምን አይኮራ?

ወረቀቱ በወጣትነቴ የሰጠሁት ውሳኔ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አወጣች፤ በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ ተልኬ ስጨርስ የጻፍኩትን የመመረቂያ ጽሑፍ። ግልጽ የሆነ ሕግ ትርጉም አይሻም፣ ዳኛ ያነባል እንጂ አይጨምርም እያለ ገጽ የሚፈጅ ጽሑፍ ነው። ያንን የራሴን ውሳኔ እንደ ጥሩ ምሳሌ አድርጌ አስገብቼዋለሁ፤ ሰው ራሱን ሲያመሰግን ጠያቂ የለበትም። ሰላም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ። ውሳኔው ሦስት የሰው ምስክሮች መሰማታቸውን ይናገርና ቃላቸው ለጉዳዩ አግባብነት የለውም ብሎ ያልፋል። ምን እንዳሉ አንድ መስመር የለም። መዝገቡን ብትፈልግ ከዚህች ገጽ በቀር የተረፈ አላገኘችም፤ ምስክሮቹም ሁሉም አልፈዋል። «እርስዎ ያስታውሱታል ጋሼ?» አለችኝ። «አንዷም አልጠፋችኝ» አልኳት። ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታወጣ ግን ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት። ሌላ ቀን ደውዪልኝ ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ውሳኔውን የሰጠሁበት ቢቸና በቀን በቀን እየመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው።

ቢቸና ስመደብ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። የጥቂት ወር ሥልጠና፣ አንድ የካርቶን ሻንጣና ቴትሮን ሱሪ ይዤ ከሞጣ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ግንደወይን ላይ ጎማ ቀየረ፤ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ደግሞ ሾፌሩ ምሳዬን ሳልበላ አልነዳም አለና ቁጭ አለ። የችሎቱን ስም አልጠራውም፤ ብጠራው የሚያኮርፍ አይጠፋም። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ከገበያው ማዕዘን ያለው ሻይ ቤት ከቆዳ ሻንጣ የሚተልቅ ሬዲዮ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ የትዝታ ዘፈን ሲጀምር ጤፍ የጫኑ አህዮች ሳይቀሩ የሚቆሙ ይመስለኝ ነበር። የቆሙት ባለቤቶቻቸው ስለቆሙ ነው። ሴቶቹ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ያዘወትሩ ነበር፤ ወንዶቹ ቁምጣቸው ላይ ጋቢ ደርበው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋድማሉ። እኔ በዚያ መሐል ካኪ ኮት ለብሼ፣ ክንዴ ሥር የሕግ መጽሐፍ ሸጉጬ አልፋለሁ። ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ይህ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያበላሽ የሚያውቀው የተነሱለት ብቻ ነው።

የተከራየሁት መሪጌታ ይባቤ ግቢ ነው፤ በወር አሥር ብር፣ ከጓሯቸው ጎመን ጋር። መሪጌታ መጻሕፍትን እስከ ፍትሐ ነገሥት ድረስ ከነትርጓሜያቸው ያስተማሩ፣ ዓይናቸው ደከም ሲል ወንበራቸውን ለሌላ የለቀቁ ሊቅ ነበሩ። ሠርክ ጸሎት አድርሰው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የኔን የሕግ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የእነሱን ሥርዓት ይነግሩኛል። በትርጓሜ ጉባኤ መጀመሪያ ንባቡ ይነበባል፤ ከዚያ መምህሩ «አንድም» እያለ ፍቺውን አንድ በአንድ ያወርደዋል። «አንድም» ብሎ የጀመረን ሰው ማቋረጥ ነውር ነው አሉኝ። ቢሳሳትም ይጨርሳል፤ የሚታረመው ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ በሆዴ እስቅ ነበር። ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው ብዬ። እኔ በቀን አሥራ ሁለት መዝገብ ነበረኝ።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው፤ በጥላሸት የተነከረ ነጠላ ለብሳለች። አባቷ አቶ ውበቱ ሞተው ሐዘኗን ሳትጨርስ የአባቷ የወንድም ልጆች ከቤቱ አስወጧት። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ የአቶ ውበቱ ልጅ ናት የሚል የወራሽነት ወረቀት። ቤቱ አለ፣ ጥንድ በሬ አለ፣ ከወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ አለ። ነገር ግን የሥጋ ልጅ አይደለችም፤ የጡት ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ሞታ፣ የወለዳት አባቷ አለኸኝ የሚባል ሰው ማሳደግ አቅቶት፣ ልጅ የሌላቸው ውበቱና ሚስቱ ወሰዷት። በአገሩ ወግ አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሎች ፊት ልጁን ያጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፣ አይካድም። የወንድም ልጆቹ አንድ ነገረ ፈጅ ይዘው ቀረቡ። ሰውየው ብዙ አልተናገረም። ሕጉን ገልጦ አሳየኝ፤ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። «ጸድቋል?» አለ። ትርንጎ ማጽደቅ ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሕጉ አጭር፣ ነገሩም አጭር።

ከውሳኔው በፊት ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ስም ሳልጠራ ነው፤ እሳቸው ግን አገሩን ሁሉ ያውቁታል። የዝንብ ጭራቸውን ቀስ እያሉ ሲያወናጭፉ ቆዩና ሕጉ ለምን ወጣ ብለው ጠየቁኝ። ማንም እየተነሳ በሐሰት ልጅ ነኝ እያለ ርስት እንዳይበላ፣ ሕፃንም እንዳይጎዳ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ ልጅቱ የምትከለከለው ሐሰተኛ ስለሆነች ነው ወይስ ወረቀት ስላጣች?»

«ሕጉ ግልጽ ነው መሪጌታ። ግልጽ ነገር አይተረጎምም።»

«ግልጽ ነው ያልከው አንተ ነህ፤ እሱም ትርጓሜ ነው ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው፣ ምስክሮቹን ሳትሰማ አትቁረጥ አሉ። እሰማለሁ አልኳቸው። ቃሌን ጠበቅሁ፤ ቢያንስ ያኔ የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ምስክሮቹ ሦስት ነበሩ፤ የአንድ ቀን መንገድ በእግር መጥተው አንድ ዘመድ ቤት አድረዋል። የመጀመሪያው ማር ቆራጩ ነው። ማሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለ፤ በዚያው ቀን ከቀፎ የወጣ ነጭ ማር። ውበቱ ጣቱን ነክሮ አጠባትና ከእንግዲህ ከአብራኬ እንደወጣች ናት፣ ብክዳት እግዚአብሔር ይካደኝ አለ። ሁለተኛዋ ልጅቱን ጉልበቷ ላይ ይዛ የነበረች ሴት ናት። ትርንጎ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ማሩን ስትቀምስ ዝም አለች፣ በመጨረሻ ጣቱን ነከሰችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ውበቱ ጣቱን እያራገፈ የኔ ልጅ ደግሞ ጥርስ አውጥታ ነው የተወለደችው አለ። ችሎት ውስጥ የነበሩት እንኳ ፈገግ አሉ። ሦስተኛው አያ ሞላ የሚባሉ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው የሚንቀጠቀጡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ያንኑ ደገሙት። በቃ። ለዓመታት በአእምሮዬ የያዝኩት ይህንን ነው፤ ለሰላምም አንዷም አልጠፋችኝ ያልኳት ይህንኑ ይዤ ነው።

ውሳኔውን ያነበብኩት ከዕረፍት በኋላ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ትርንጎ አልገባትም። ፖሊሱ ውጪ ሲላት ወደ እኔ ዞር አለችና «እና የማን ልጅ ነኝ?» አለች። ስድብ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው ነው የጠየቀችው። «ይግባኝ ማለት ትችያለሽ» አልኳት። ይግባኝ የሚባልበት ከተማ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አውቅ ነበር። ቀጣዩን መዝገብ ጠራሁ።

መሪጌታ አልተቆጡኝም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠርክ ሲመለሱ እንዴት ዋልክ ብለው በቀጥታ ወደ ጓዳ ይገባሉ። በረንዳው ላይ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ማንም «እስቲ አንብብ» አይለኝም። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በወሩ ሌላ ቤት ተከራየሁ። ሻንጣዬን ሳወጣ ጎመን በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም። ይኸው ዛሬ ድረስ ጎመን ሲቀርብ እጄ ይከብደኛል። ሰው ይስቃል፤ ስለዚህ ለማንም አልናገርም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሹመት ታሪክ ነው። ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ጽሑፌን ጻፍኩ፣ አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ አድናቆቱን ጻፈልኝ። ትርንጎ በጽሑፉ ውስጥ «አመልካች» ናት፤ ስም የላትም። እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ ዓይን የሚያዩ ዳኞች እንዳሉ በኋላ ሰማሁ፤ ወጉንም የልጁንም ኑሮ አብረው የሚመዝኑ። አንዱን ውሳኔያቸውን አገኘሁና አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። ያኔ ቢቸና መሄድ እችል ነበር፤ መንገዱም ሰላም፣ ጉልበቴም ደህና ነበር። አልሄድኩም።

ሰላም ከሄደች በኋላ ግን አላስቻለኝም። ያ ሦስት ሰው የተናገረው ቃል ዛሬ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ለተመራማሪ ከመስጠቴ በፊት ለባለቤቷ መስጠት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ብሞት አብሮኝ ይቀበራል። መኪና ተገኘ በተባለ ቀን ማለዳ ተነሳሁ። ድሮ በግማሽ ቀን የሚያልቀው መንገድ ሙሉ ቀን ፈጀ፤ አራት ቦታ ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን። ሰው ድሮ በአውቶቡስ ውስጥ ይጨዋወት ነበር፤ አሁን ሁሉም በየስልኩ አቀርቅሮ ነው የሚሄደው። ያቺ ሬዲዮ የነበረባት ማዕዘን ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ ግማሹ ተዘግቷል። የመሪጌታን ግቢ ፈልጌ አጣሁት።

ትርንጎን ማግኘት ግን አላስቸገረም። በማግስቱ ገበያው ውስጥ ጌሾ ተራ ገብቼ በስሟ ጠየቅሁ፤ ያደርኩበት ቤት ሰዎች ጌሾና ብቅል ትሸጣለች ብለው ነግረውኝ ነበር። አንዲት ነጋዴ ጮክ ብላ፣ «ፍርድ ቤት የነጠቃትን ነው?» አለችና በጣቷ አሳየችኝ። ቅጽል ስሟ ይህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ጌሾውን በእጇ እየፈተገች ቀና ሳትል «ስንት ላድርግልዎ?» አለች። እንዴት ዋሉ እመት ትርንጎ አልኳት። ችሎት ላይ አንቺ ያልኳትን ሴት እርስዎ ስል ለራሴም ጆሮ እንግዳ ሆነብኝ። እጇ ቆመ። በድምፄ አወቀችኝ። «ዳኛው ነዎት» አለች። መልክዎ ጠፍቷል፣ ድምፅዎ ግን ያው ነው አለችኝ።

በርጩማ ሰጠችኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት፤ ተሳስቻለሁ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀላል ሆነብኝ፤ ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩት ለምንድን ነው አልኩ በሆዴ። እሷ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ቤቱ ፈርሷል፤ የወንድም ልጆቹም አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አገር ለቋል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ አልቋል። እሷን የሚቆጫት ሌላ ነው። የውበቱን ሙት ዓመት ያወጡት እነሱ ናቸው፤ እሷ እንደ ሩቅ ጎረቤት አንድ መሶብ እንጀራ ተሸክማ ሄዳ ከደጅ ተቀመጠች። መታወቂያዋን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ ትርንጎ አለኸኝ ይላል። የማታውቀው ሰው ስም። ልጆቿ ድሮ እሷ በሐሰት ከስሳ የተረታች ይመስላቸዋል፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤት እንዲህ ብሏል፣ ወረቀትም አለ።

ምስክሮቹ ያሉትን እኔ አስታውሳለሁ፣ ለልጆችዎም እጽፍልዎታለሁ አልኳት። ለሚያጠናውም ሰው እናገራለሁ። «እስቲ ይንገሩኝ» አለች። ልጀምር ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«እነሱ ቆመው ነው የመሰከሩት።»

ቆምኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ፤ ጌሾ ልትገዛ የመጣች ሴት ምን ጉድ ነው ብላ ታየኛለች። ስለ ማር ቆራጩ ነገርኳት፤ ስለ ነጩ ማር፣ ስለ መሐላው። አንገቷን ትነቀንቃለች። ስለ ንክሻው ስነግራት ሳቀች፤ ጥርሷ ከላይ ሁለቱ የሉም። አፏን በነጠላዋ ያዘችና፣ ጣቱ ላይ ጠባሳው ነበር፣ ሲሞትም ነበር አለች። ሁለት ዘለላ እንባ ወረደ። እኔም ቀለል አለኝ፤ እንግዲህ ይህን ያህልማ አድርጌያለሁ አልኩ። «ሦስተኛው አያ ሞላ ያንኑ ነው የደገሙት» ብዬ ልቀመጥ በርጩማውን በእጄ ፈለግሁ።

«አልደገሙትም» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«አያ ሞላ በጎልማሳነታቸው የአጥቢያ ዳኛው ተላላኪ ነበሩ። ቆሙ፤ ‹እኔ የማውቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ ማሩ ከተጠባ በኋላ በማግስቱ› ብለው ሲጀምሩ፣ እርስዎ ሰዓትዎን አዩና ‹ይበቃል፣ ይውረዱ› አሏቸው። እሳቸውም ወረዱ።»

በገበያው ውስጥ ሰው ይጮኻል፤ አንድ ሰው በግ እየጎተተ አለፈ። በማግስቱ ምን? ውበቱ ልጅቱን ይዞ፣ ያኔ የመንደሩን ነገር ይዳኝ የነበረው አጥቢያ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ነበር? ዳኛው አይቶ፣ አጽድቆ ነበር? እንዲያ ከሆነ እኔ ግልጽ ነው ያልኩት ሕግ ራሱ ልጅ ናት ይል ነበር። ወይም ሌላ ነገር ሊሉ ይሆናል፤ ምንም የማይጠቅም፣ የሽማግሌ ወሬ። በኋላ አልጠየቋቸውም ወይ አልኳት፤ ድምፄ ተለምኖ የወጣ ይመስላል። ከችሎት ሲወጡ ተናደው ነበር አለች፤ ዳኛ ያልሰማውን ለማን ልናገር ብለው ዝም አሉ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብርድ መታቸው፣ ፋሲካን አልዋሉም። እሷም ያኔ የራሷ ሐዘን ነበረባት። «ስንት ዓመት አሰብኩት» አለች። «ምን ሊሉ እንደነበር እኔም አላውቅ፤ እርስዎም አያውቁ።»

አልተቀመጥኩም። ሰው ሲያበቃ የሚለው ነገር አለ፤ ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። እሷ ጌሾዋን መፈተግ ቀጠለች። ስሄድ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ይሂዱ ብላ ሸኘችኝ።

ሞጣ ከተመለስኩ በሳምንቱ ሰላም ደወለች። ያልኳትን አልረሳሁም፤ የማር ቆራጩን ቃል ነገርኳት፣ የሴትዮዋን ቃል ነገርኳት። ስትጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። ደስ ብሏታል፤ ለጥናቷ ትልቅ ነገር ነው አለች። ከዚያ «ሦስተኛው ምስክርስ ጋሼ?» አለችኝ።

«አላስጨረሳቸውም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ዳኛው ብለሽ አይደለም፤ ስሜን ጻፊው።»